ከቪዛው በፊት የሙያ ፈቃዱ

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ሊስበርግ ፓይክ ከአርሊንግተን ቡለቫርድና ከዊልሰን ቡለቫርድ ጋር የሚገናኝበት ሴቨን ኮርነርስ፣ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው የአሜሪካ ኑሮ ከሚጀመርባቸው ሠፈሮች አንዱ ነው። ስካይላይንና ቤይሊስ ክሮስሮድስ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ አሌክሳንድሪያ፣ ፖቶማክን ተሻግረው ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ይገኛል። በዚህ ሁሉ አካባቢ እንጀራው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ዕቁቡና ዕድሩ አለ፤ አዲስ መጪ ለዘመድ ወዳጅ አይቸገርም። የሚቸገረው ለሙያው ነው። በመኪና ማቆሚያ ጋራዦች፣ በሆቴሎች፣ በነርሲንግ ሆሞች፣ በሬገንና በደለስ አውሮፕላን ማረፊያዎች፣ በኡበር መኪኖች ውስጥ ከሚሠሩት ኢትዮጵያውያን መካከል አገር ቤት ነርስ፣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ መምህር ወይም ጠበቃ የነበሩ ብዙ ናቸው። ለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «አሜሪካ የእኛን ትምህርት አይቀበልም» የሚል ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አሜሪካ የውጭ ትምህርትን የሚቀበልበት መንገድ አለው፤ መንገዱ ረጅም፣ ውድና በወረቀት የተሞላ ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን መንገድ የምንጀምረው ከአውሮፕላን ከወረድን በኋላ፣ ጊዜም ገንዘብም በሌለን ሰዓት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው፦ ውጭ አገር ለመሥራት የሚያስብ ባለሙያ ዋናው ዝግጅቱ ቪዛ ማግኘት ሳይሆን የሙያ ፈቃዱን ጉዳይ አገር ቤት ሳለ መጀመር ነው፤ ይህን የማስተማር ግዴታ ደግሞ ከማንም በላይ ቀድመን የመጣነው ሰዎች ላይ ይወድቃል።

የጉዳቱን መጠን በግምት መናገር አያስፈልግም። የማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ የሚኖሩ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ የኮሌጅ ዲግሪ ያላቸው ስደተኞች ወይ ሥራ አጥ ናቸው፣ ወይም ዲግሪ በማይጠይቅ ሥራ ላይ ተሰማርተዋል። በዚህ ምክንያት በየዓመቱ የሚቀረው ደመወዝ 39.4 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ጥናቱ አስልቷል። ይህን ወደ አንድ ሰው ኑሮ እናውርደው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 ባወጣው አኃዝ የአንድ የተመዘገበ ነርስ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 86,070 ዶላር ሲሆን፣ በሆም ኬር አዛውንትና ሕመምተኛ የሚንከባከብ ሠራተኛ ግን 33,530 ዶላር ያገኝ ነበር። በጎንደር ወይም በጅማ ነርሲንግ ተምሮ፣ በሆስፒታል ዓመታት ሠርቶ፣ እዚህ ሲደርስ በሆም ኬር የሚቀር ሰው በየዓመቱ ከ50,000 ዶላር በላይ ያጣል ማለት ነው፤ በአምስት ዓመት ከሩብ ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። ከዚህ ገንዘብ ውስጥ የልጆች ትምህርት፣ አገር ቤት ያሉ ወላጆች መድኃኒት፣ የቤት ቅድሚያ ክፍያ ሊወጣ ይችል ነበር። የሙያ ክብርና እጅ መፍታት ደግሞ በዶላር አይሰላም፤ አምስት ዓመት መርፌ ያልያዘ እጅ፣ አምስት ዓመት ንድፍ ያላየ ዓይን፣ ወደ ሙያው መመለስ በየዓመቱ እየከበደው ይሄዳል።

ችግሩ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ይጠቅማል። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ወደዚህ አገር የመጡ ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። በ1930ዎቹ እዚሁ ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩትን ዶክተር መላኩ በያንን መጥቀስ ይቻላል፤ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በስኮላርሺፕ የመጡትም እንዲሁ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ነው። ስለዚህ «ትምህርትህን አስገምግም» የሚላቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተፈጠረው የዕጣ ቪዛ፣ ዲቪ፣ ሥራ ከጀመረበት ከ1995 ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዲቪ የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅን ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥልጠና በሚያስፈልገው ሙያ ላይ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድን ነው። በዚሁ ዘመን አገር ቤት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከጥቂቶች ተነስቶ ከ40 በላይ ሆነ፤ በየዓመቱ የሚመረቀው ወጣት በዛ። ውጤቱ እንግዲህ ይህ ነው፦ ዲግሪውን አገር ቤት ያገኘ፣ አገር ቤት የሠራ፣ ቪዛውን በዕጣ ወይም በቤተሰብ ያገኘ ባለሙያ በብዛት መጣ። ቪዛውን የሰጠው ቆንስላ ስለ ሙያው አልጠየቀውም፤ እርሱም ቪዛው ሙያውን ጭምር የፈቀደለት መሰለው።

በአሜሪካ ግን ቪዛ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ ስቴቱ ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም ማለት ይቻላል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በማንኛውም ቀጣሪ ዘንድ የመሥራት መብት አለው፤ ነርስ ነኝ፣ ሐኪም ነኝ፣ መሐንዲስ ነኝ ብሎ የመፈረም መብት ግን የለውም። በዋሽንግተን አካባቢ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ እያሉ ሦስት የተለያዩ ሕጎች ያሏቸው ናቸው። በሴቨን ኮርነርስ የሚኖር ነርስ በሲልቨር ስፕሪንግ ሊቀጠር ይፈልግ ይሆናል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሁለቱም የነርሶች ፈቃድ ስምምነት አባል በመሆናቸው የአንዱ ስቴት ፈቃድ በሌላውም ሊያሠራ ይችላል። የሕግ ባለሙያ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው፦ ቨርጂኒያ በውጭ አገር ሕግ የተማረ ሰው ለጥብቅና ፈተና እንዳይቀመጥ በሩን አጥብቃ ስትዘጋ፣ ዲሲ ከአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት ተጨማሪ ኮርሶችን ለወሰደ ትፈቅዳለች። ይህን ሳያውቅ ቤት የተከራየ፣ ትምህርት ቤት የመረጠ ሰው ዓመታትን ያባክናል።

ነርሲንግን ትንሽ ረዘም አድርገን እንየው፤ ብዙ ወገኖቻችን ያሉበት፣ የተሻለ ተስፋም ያለበት ሙያ ስለሆነ። በውጭ የተማረ ነርስ መጀመሪያ ትምህርቱ ይገመገማል። ግምገማው ዲግሪ አለህ ወይስ የለህም ከሚለው ያልፋል፤ በአዋቂዎች ሕክምና፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ሕክምና ስንት ሰዓት በክፍል፣ ስንት ሰዓት በሆስፒታል እንደተማረ ይቆጥራል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ኮርሱን እዚህ ወስዶ እንዲያሟላ ይጠየቃል። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ የሚያስፈልገው ውጤት ብቻ የተጻፈበት ትራንስክሪፕት ሳይሆን የሰዓቱ ዝርዝር ጭምር ነው፤ ያንን ደግሞ ከሬጅስትራር ቢሮ በስልክ ማግኘት በአካል ሄዶ እንደ መጠየቅ አይቀልም። ቀጥሎ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። አገር ቤት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱ በአብዛኛው ከዚህ ነጻ አያወጣም። ከዚያ ኤንክሌክስ የተባለው የፈቃድ ፈተና ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ፈተናው የታማሚን ሁኔታ አንብቦ መወሰንን በሚለኩ አዳዲስ ጥያቄዎች ተቀይሯል። አሜሪካ ውስጥ ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚፈተኑት ከመቶው ወደ ዘጠና የሚጠጉት ሲያልፉ፣ ውጭ ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚቀመጡት የሚያልፉት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ይህ ልዩነት የችሎታ ማነስን አያሳይም። ፈተናው ከሽምደዳ ይልቅ ቅድሚያ መስጠትን፣ ውክልናን፣ የታማሚን ደኅንነት የሚጠይቅ በመሆኑ ለብቻው መዘጋጀትን ይፈልጋል፤ ለዚህም ስድስት ወር ጸጥ ያለ ጊዜ ያስፈልጋል። ያ ጊዜ የሚገኘው የት ነው?

መልሱን ከሒሳቡ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2025 የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12.41 ዶላር ነበር። በሳምንት 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ሳያርፍ የሠራ ሰው በዚህ ክፍያ 26,000 ዶላር አይሞላለትም። በፌርፋክስና በአሌክሳንድሪያ የቤት ኪራይ በዚህ ገቢ መኖር ስለማይቻል ሁለተኛ ሥራ ይያዛል፤ ደብል ይሠራል፣ ሌሊት ሺፍት ይገባል። መኪና ይገዛል፣ ኢንሹራንሱ ይመጣል፣ አገር ቤት የሚላከው ይከተላል። «ትንሽ ልደራጅና እማራለሁ» የሚለው ዕቅድ ከስድስት ወር ወደ ዓመት፣ ከዓመት ወደ አምስት ዓመት የሚገፋው በዚህ የተነሳ ነው። ስንፍና አይደለም። ሰውየው ለማጥናት ጊዜ የነበረው ወላጆቹ ቤት፣ ወይም በአገር ቤት ደመወዙ፣ ቪዛ በሚጠብቅበት ጊዜ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ እዚህ ከደረሱ በኋላ የተጀመረ ዝግጅት የመጀመሪያው የኪራይ ቀን ሲመጣ ይፈታል።

ሌሎቹን ሙያዎች በአጭሩ ላንሳ። ሐኪም ዩኤስኤምኤልኢ የተባሉትን የፈቃድ ፈተናዎች አልፎ፣ ለውጭ ምሩቅ ሐኪሞች የሚሰጠውን የኢሲኤፍኤምጂ ምስክር ወረቀት ካገኘ በኋላ በአንድ ሆስፒታል ሬዚደንሲ የተባለውን ሥልጠና መግባት አለበት፤ በውስጥ ደዌ ወይም በቤተሰብ ሕክምና ይህ ሦስት ዓመት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2024 በዋናው የሬዚደንሲ ድልድል ከተወዳደሩት አሜሪካዊ ያልሆኑ የውጭ ምሩቅ ሐኪሞች ቦታ ያገኙት 58.5 በመቶ ናቸው። ብዙ ሆስፒታሎች ከተመረቀ ብዙ ዓመት ያለፈውን አመልካች ወደ ጎን ስለሚያደርጉ እያንዳንዱ የባከነ ዓመት ዋጋ አለው። ቴነሲ በ2023፣ ቨርጂኒያ ደግሞ በ2024 በሌላ አገር ፈቃድ ኖሯቸው የሠሩ ሐኪሞች በጊዜያዊ ፈቃድ የሚሠሩበትን ሕግ ማውጣታቸው መልካም ጅምር ነው፤ እንዲህ ያለው በር ግን የሚከፈተው የአገር ቤት ፈቃዱ ያልተቋረጠና የሥራ ታሪኩ በሰነድ ለተረጋገጠ ሰው ነው። ወደ አሜሪካ ልሄድ ነው ብሎ የጤና ሙያ ፈቃዱን ሳያድስ የሚመጣ ሐኪም ራሱን ከዚህ ዕድል ያስወጣል። የሒሳብ ባለሙያ ደግሞ በአዲስ አበባ የታወቀው የሒሳብ ሙያ ምስክር ወረቀት ኤሲሲኤ በእንግሊዝና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቢከበርም በአሜሪካ ሲፒኤ የተባለውን የሒሳብ ባለሙያ ፈተና እንደማይተካለት ከመነሻው ማወቅ አለበት፤ ያን ሁሉ ክፍያና ድካም ከማፍሰሱ በፊት የት ለመሥራት እንዳሰበ መወሰን ይኖርበታል። መሐንዲስ በሌላ በኩል ሰፋ ያለ ዕድል አለው፤ ንድፍ ላይ ፈርሞ ኃላፊነት ለመውሰድ ፈተናና ፈቃድ ቢያስፈልግም፣ በብዙ ኩባንያዎች ያለ ፈቃድ መቀጠር ይቻላል። የዓለም ትልቁ የዳታ ማዕከላት ክምችት ከሴቨን ኮርነርስ ብዙ ሳይርቅ በሎደን ካውንቲ ይገኛል፤ ኤሌክትሪክና ማቀዝቀዣ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። በኮምፒውተር ሙያ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ ግን በሰሜን ቨርጂኒያ ያሉ ብዙ የመንግሥት ኮንትራት ሥራዎች የጸጥታ ማጣሪያ፣ ያም ዜግነት ይጠይቃሉ። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው የሚያመለክትባቸውን ድርጅቶች ይመርጣል።

ከፈተናዎቹ ሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሰናክለው ግን ወረቀቱ ነው። ብዙዎቹ የትምህርት ገምጋሚ ድርጅቶች ትራንስክሪፕቱ ከአመልካቹ እጅ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ፣ በታሸገ ፖስታ ወይም በኦንላይን እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ካልከፈለ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕቱን አያገኝም፤ ጊዜያዊ ዲግሪ ይዞ የመጣ ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ማመልከቻ ሲሞላ ነው። የስም ጉዳይም አለ። በፓስፖርት ላይ በአንድ ፊደል አጻጻፍ፣ በዲግሪው በሌላ፣ በሥራ ልምድ ደብዳቤው በሦስተኛ የተጻፈ ስም ያለው ሰው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሆኖ ይታያል፤ የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ገብቶ በሌላው ሲቀር ደግሞ የባሰ ነው። የትውልድና የምረቃ ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈው ሳይገለጽ ሲቀሩ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህን ሁሉ በተቋሙ ማኅተም ማስተካከል አገር ቤት ላለ ሰው የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። እዚህ ላለ ሰው ግን ውክልና መላክ፣ ዘመድ ማስቸገር፣ ቢሮ ለቢሮ ማዞር ይጠይቃል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። በሰላም ጊዜ እንኳ ከባድ ነው። በጦርነት ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ በሰሜን ኢትዮጵያና በአማራ ክልል እንዳየነው ኢንተርኔትና መንገድ ሲቋረጥ፣ ሰነዱን በእጁ ያልያዘ ሰው ምንም ማድረግ አይችልም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች የመጀመሪያው፣ ጉዞው ራሱ እርግጠኛ ባልሆነበት ሁኔታ ለምን እዘጋጃለሁ የሚለው ነው። ዲቪ ዕጣ ነው፤ ሕጉም በየጊዜው ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የአሜሪካ መንግሥት በአዲስ የኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ክፍያ ሲጥል እንዳየነው፣ ትላንት ክፍት የነበረ በር ዛሬ ሊጠብ ይችላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የአመልካቾችን የጊዜ ሰሌዳ እንመልከት። የዲቪ ውጤት በተለመደው አሠራር በግንቦት ይታወቃል፤ ኢንተርቪው የሚጀምረው ከጥቅምት ሲሆን እስከ ቀጣዩ መስከረም ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ዕጣው የወጣለት ሰው ከአምስት እስከ አሥራ ስድስት ወር የሚደርስ የመጠበቂያ ጊዜ አለው፤ ያን ጊዜ ብዙዎች የሚያሳልፉት ዕቃ በመሸጥና በመሰናበት ነው። በወንድም ወይም በእህት ማመልከቻ የሚመጣ ሰው ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ይጠብቃል። ከዚህ በላይ ምን ጊዜ ይፈለጋል? ሕጉ ቢለዋወጥም ዝግጅቱ አይባክንም። የተረጋገጠ ትራንስክሪፕት፣ የእንግሊዝኛ ውጤት፣ በትክክል የተጻፈ የሥራ ልምድ ለካናዳም፣ ለእንግሊዝም፣ ሰነዶችን ከምንጫቸው ለሚያጣሩት ለዱባይና ለሳዑዲም የሚፈለግ ነው። ቪዛው ጨርሶ ባይመጣ እንኳ እዚያው አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ብዙ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች አሉ፤ የሚጠይቁት ሰነድና ቋንቋ ከዚህ ብዙ አይለይም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ በርካታ አንባቢዎችም ልክ ነው የሚሉት ይህኛውን ይሆናል። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የኤንክሌክስ የምዝገባ ክፍያ 200 ዶላር ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ለመፈተን ተጨማሪ ይከፈላል፤ የትምህርት ግምገማው፣ የእንግሊዝኛው ፈተና፣ የመላኪያው ሲደመር ለአገር ቤት ነርስ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። የሐኪሞቹ ፈተና ደግሞ አንዱ ብቻ አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ነው። እውነት ነው፣ አገር ቤት ያለ ወጣት ይህን ብቻውን አይችለውም። ግን ለዚሁ ሰው እዚህ ያሉ ዘመዶቹ ምን ያህል እንደሚያወጡ እናውቃለን። ቲኬቱን እንገዛለን፣ የሽኝት ድግሱን እንደግፋለን፣ ሲመጣ የመጀመሪያ ወራቱን እናኖራለን፣ መኪና እናስይዛለን። ከዚህ ወጪ ሩቡ አስቀድሞ ለግምገማና ለፈተና ቢውል ቀሪውን ሰውየው ራሱ በአንድ ዓመት ይመልሰዋል። በአካባቢያችን ለቤት ቅድሚያ ክፍያ፣ ለሱቅ መክፈቻ ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎች ሞልተዋል፤ ለፈተና ክፍያ የሚጣል ዕቁብ፣ መጪው ሲቀጠር የሚመልሰው፣ ከነዚህ የሚከብድ አይደለም። በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየመስጊዱ ያሉ ማኅበራት፣ አርሊንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኮሚኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስልና ሌሎች ነባር ድርጅቶች ለዚህ የሚሆን አደረጃጀት አላቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ሥራ ክቡር ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በፓርኪንግ ቡዝ ተቀምጦ፣ በሌሊት ታክሲ ነድቶ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ አባት ለማንም ማብራሪያ አይገባውም፤ የዚህ ከተማ ማኅበረሰባችን የተገነባው በነዚህ ሰዎች ላብ ነው። ጥያቄው ግን ምርጫ ነበረው ወይ ነው። ሙያውን ትቶ ንግድ የመረጠና ሙያው በሰነድ እጦት ያመለጠው ሰው አንድ አይደሉም። ነርስ ሆና የመጣች ሴት በነርሲንግ ሆም ረዳትነት ጀምራ፣ በኖቫ ኮሌጅ ወይም በሞንትጎመሪ ኮሌጅ እንደገና ከሀ ተነስታ ብትማር፣ ትልቅ ጽናት ነው። አገር ቤት ከተማረችው ላይ ብዙውን ደግማ መክፈሏና ደግማ መማሯ ግን ሊቀር ይችል የነበረ ብክነት ነው፤ ጽናቷን ስናደንቅ ብክነቱን መርሳት የለብንም።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከአገር ቤት የሚመጣው ነው፦ ለአሥር ሺህ ሕዝብ አንድ ሐኪም ገደማ ባላት አገር ባለሙያ እንዲወጣ እንዴት ትመክራላችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረታቸው አሳሳቢ ነው ብሎ ከዘረዘራቸው 55 አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት፤ ድርጅቱ ሀብታም አገሮች በነዚህ ዘንድ ሄደው የምልመላ ዘመቻ እንዳያካሂዱ ያሳስባል። ይህን ማሳሰቢያ እደግፈዋለሁ። ሐኪሙ የተማረው በገበሬው ግብር ነውና ዕዳው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ማሳሰቢያው ራሱ የግለሰብን የመንቀሳቀስ መብት አይከለክልም፤ ባለሙያው የሚወጣው ደግሞ እኛ ስለመከርነው አይደለም። በግንቦት 2025 የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ያነሱት ጥያቄና ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማ የመውጣታቸውን ምክንያት በግልጽ ተናግሯል። ሊወጣ የወሰነ ሰው ሳይዘጋጅ ቢወጣ ኢትዮጵያ የምታገኘው ምንድን ነው? ነርሷን አጥታለች፤ አሜሪካም ነርስ አላገኘችም። ተዘጋጅቶ የወጣ ባለሙያ ግን ቢያንስ ሙያውን ይዞ ይቆያል፤ ሊመለስ፣ በዕረፍቱ ሊያስተምር፣ ዕውቀት ሊያሻግር ይችላል። ዶክተር እናውጋው መሐሪ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር የመሠረቱት ፒፕል ቱ ፒፕል የተባለው የጤና ባለሙያዎች ድርጅት ለኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ሊጠቅም የቻለው አባላቱ በሙያቸው ላይ ስለቆዩ ነው። በሙያው ያልሠራ ሐኪም ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተመልሶ የሚያስተምረው አይኖረውም። የአገሪቱ ጥቅም ይህ ከሆነ ደግሞ መንግሥት ባለሙያ እንዳይወጣ ሰነድ ከማስቸገር ይልቅ ደመወዙንና የሥራ ሁኔታውን ማሻሻል አለበት። ትራንስክሪፕት ማዘግየት ማንንም አገር ቤት አላስቀረም፤ ውጭ ያለውን ብቻ ከሙያው አፈናቅሏል።

እዚህ ላይ የሕጋችንን አንድ ክፍተት መጥቀስ ተገቢ ነው። ሳዑዲ አረቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ከመለሰች በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወደ አረብ አገር ለሚሄዱ ሠራተኞች የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የቅድመ ጉዞ ገለጻ እንዲኖር አዟል። አፈጻጸሙ ብዙ ጉድለት አለበት፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። በዲቪና በቤተሰብ ለሚወጣው ባለሙያ ግን ይህን የሚመስል ነገር የለም። ፊሊፒንስ በ1980 ባቋቋመችው የውጭ ፊሊፒናውያን ኮሚሽን አማካይነት በቋሚነት የሚወጡ ዜጎቿ ጭምር ከጉዞ በፊት ገለጻ እንዲከታተሉ ታስገድዳለች፤ በ2021 መጨረሻ ደግሞ የስደተኛ ሠራተኞችን ሚኒስቴር በሕግ አቋቁማለች። የፊሊፒንስ ሥርዓት እንከን የለሽ አይደለም፤ የአሜሪካ ሆስፒታሎች በፊሊፒናውያን ነርሶች የተሞሉት ግን በአጋጣሚ አይደለም። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ትምህርት ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎቹ ትራንስክሪፕትን በኦንላይን ለገምጋሚ ድርጅቶች የሚልኩበትን፣ የወጪ መጋራት ዕዳ ከውጭ በዶላር የሚከፈልበትን አሠራር ቢዘረጉ ብዙ በጀት አይጠይቃቸውም፤ ውጭ ምንዛሪም ያስገኝላቸዋል።

መንግሥት እስኪነሳ ግን መጠበቅ የለብንም። ከእኛ የሚጠበቀው መጀመሪያ እውነቱን መናገር ነው። ሥራህ ምንድን ነው ተብለን ስንጠየቅ «ደህና ነው» ብለን ማለፋችን፣ የሙያ ፈቃድ ሳናገኝ የቆየንበትን ዓመት አለመጥቀሳችን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ታናሽ ወንድም ወደዚያው ጉድጓድ ይመራዋል። ስለዚህ ይህን የሚያነብ፣ ቪዛ የሚጠብቅ ወንድም፣ እህት ወይም የአክስት ልጅ ያለው ሰው በዚህ ሳምንት ይደውል። ትራንስክሪፕቱ ወጥቷል ወይ? የወጪ መጋራቱ ተከፍሏል ወይ? በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ ያለው ስም አንድ ነው ወይ? የሙያ ፈቃዱ ታድሷል ወይ? ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ የሚኖርበትን ስቴት የሙያ ቦርድ ድረ ገጽ ከፍቶ የውጭ ምሩቅ ምን እንደሚጠየቅ አንብቦ በአማርኛ ያስረዳው፤ የፈተናውንም ክፍያ ከቲኬቱ አስቀድሞ ይላክለት። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ሻንጣ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ተመረቃችሁበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሂዱ።